«አይደለም» የማይባልበት ክፍል

ሥራዬ ማረም ነው። ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ሌላ ሰው የጻፈውን አነባለሁ፤ የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ፤ ትክክለኛውን ከጎኑ እጽፋለሁ። ይህ አመል ከቢሮ ተከትሎኝ ቤት ስለሚገባ ባለቤቴ «አንቺ እኮ ህልሜንም ሳታርሚ አታድሪም» እያለ ይቀልድብኛል። ምን ላድርግ፣ ሰው ሲሳሳት ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ ያሳክከኛል።

አባዬ መርሳት ሲጀምርም አመሌ አልለቀቀኝም። «ዛሬ ሰኞ ነው» ሲለኝ «ሐሙስ ነው» እለዋለሁ። «እናትሽ ከገበያ ቆየችሳ» ሲለኝ «እማዬ ከሞተች እኮ ቆየች አባዬ» እለዋለሁ። የሚያሳብደኝ ልክ መሆኔ ነበር። እኔ ልክ ነኝ፤ እሱ ግን በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል። ውሎ አድሮ መናገሩን ጨርሶ ተወው። ጠዋት መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እዚያው ይመሽበታል። ሐኪሙ የጆሮም የጉሮሮም ችግር የለበትም አለን። ባለቤቴም «ታዲያ ለምን ይናገር? በተናገረ ቁጥር ቀይ ይሰመርበታል!» አለ። ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የሙዚየሙን ወሬ ያመጣውም እሱው ነው። ባለቤቴ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ የሙዚየሙ ሻይ ቤት ፍሪጅ ተበላሽቶ ሊሠራ ሄዶ ነው የሰማው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ለአረጋውያን የተዘጋጀ ጉብኝት አለ፤ በተለይ እንደ እኛ ካለ ዳር ሰፈር ለሚመጡ፣ የሙዚየም ደጃፍ ረግጠው ለማያውቁ።

እውነትም ሙዚየም ለእኛ ሰፈር ሰው ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያየው ሣር ነበር። ሙሽሮች በሩ ላይ ፎቶ ይነሳሉ፤ ውስጡን ያየ ግን የለም። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከሙዚየሙ ቁልቁል ባለው ወንዝ ላይ ሰው ሲያሻግር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሽቅብ ወጥቶ ያንን በር አላንኳኳም። «እዚያ የሚገባው ጫማው የሚያበራ ሰው ነው» ይል ነበር። አሁን ግን አውቶቡስ ሰፈራችን ድረስ ይመጣል። ከደረጃው ጎን ለተሽከርካሪ ወንበርና ለምርኩዝ የሚመች ዘቅዘቅ ያለ የሲሚንቶ መንገድ ተሠርቷል። ወንበሮቹ የክንድ መደገፊያ አላቸው፤ ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ መነጽሩን የረሳ ሰው እንኳ ያነበዋል። የጎኑ በር ደግሞ ለደከመ ክንድ ተብሎ ሰፊ ቁልፍ ስለተገጠመለት በመዳፍ ሲነኩት ራሱ ይከፈታል። ክፍያ የለም። እንከን ፈልጌ አጣሁ፤ እንከን ማጣት ደግሞ አልወድም።

አስጎብኚዋ ለስላሳ ድምፅ ያላት ወጣት ናት። በመጀመሪያው ቀን አስታማሚዎቹን ኮሪደር ላይ ሰበሰበችንና ደንቡን ነገረችን።

«እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነው ክልክል። ‹አይደለም› አይባልም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኛ ‹እሺ፣ ከዚያስ?› እያልን እንከተላቸዋለን እንጂ አናርማቸውም።»

«የሞተ ሰው መጣ ቢሉስ?» አልኳት።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ቤቱን ላቃጥለው ቢሉስ?»

ሳቀች። «እስካሁን እንደዚያ ያለ የለም እትዬ።»

እዚያው በልቤ «እሜት እሺ» ብዬ ስም አወጣሁላት። ቤት ሄጄ ለባለቤቴ ስነግረው «ተመስገን! በሕይወቴ እሺ የምትል ሴት መኖሯን ልስማ» አለ።

አስታማሚ ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ኮሪደር ላይ ሆኖ በመስታወቱ ያያል፤ በሩ ገርበብ ስለሚል ድምፅም ይሰማዋል። ሽማግሌዎቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ግድግዳውን የሞላ ሥዕል አለ፦ የደፈረሰ ወንዝ፣ ባዶ ጀልባ፣ ከማዶ ደግሞ እጁን ያነሳ ሰው። ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ ነርስ «ይሄ የአክስቴ አገር ነው» አሉ። «እሺ፣ ከዚያስ?» አለች እሜት እሺ። ጆሯቸው የከበደ አንድ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሰውየው እጁን ያነሳው ለመሰናበት ነው አሉ። እሱንም እሺ አለች።

አባዬ ብዙ አይቶ አይቶ «ገመዱ ላልቷል» አለ።

ድምፁ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። እኔ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ የቆመችውን የማላውቃትን ሴት አቀፍኳት። ስንት ጊዜ የለመንኩት ድምፅ ነው! እሜት እሺ ጎንበስ ብላ «እሺ አባባ፣ ከዚያስ?» ስትለው፣ ጀልባው በገመድ እየተሳበ እንዴት ከዳር ዳር እንደሚሄድ፣ ገመዱ ከላላ ውሃው እንዴት አዙሮ እንደሚወስደው፣ በመዳፉ እያሳየ ነገራት። ድልድዩ ተሠርቶ ሥራውን ከነጠቀው ጀምሮ ስለዚያ ጀልባ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞን እንደ ልጅ እንጠብቃት ጀመር። አባዬ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ያወራል፤ ምሳ ላይ ያወራል፤ ረቡዕ ጠዋት ላይ ሳይቀር ጥቂት ይተርፈዋል። እኔም ምላሴን ነክሼ እሺ ማለት ተማርኩ። አንድ ጊዜ «ዛሬ እሑድ ነው» ሲለኝ «እሺ» አልኩት። ባለቤቴ ግንባሬን ዳሰሰ፣ ትኩሳት ይኖርባት ይሆን ብሎ።

እኔ መፍራት የጀመርኩት አባዬ ጀልባውን ትቶ ከማዶ ያለውን ሰው ማየት የጀመረ ዕለት ነው።

«ያ አንበጣ ነው» አለ፣ ጣቱን ወደ ሥዕሉ ቀስሮ።

አንበጣ ታናሽ ወንድሙ ነው። እግሩ ረጅም፣ ሲዘል የሚውል ስለነበር ነው እንዲህ የተባለው አሉ። እኔ ሳልወለድ በፊት ውሃ ወስዶታል። ስለ አጎቴ በቤታችን የሚታወቀው ይኸው ነው፤ ውሃ ወሰደው፣ አለቀ። ስሙ ሲነሳ አባዬ ተነስቶ ይወጣ ስለነበር እማዬ እንድናነሳው አትፈቅድም ነበር።

አሁን ግን «እሺ አባባ፣ ከዚያስ?» የምትል ልጅ ተገኘች። በየማክሰኞው ጥቂት ጥቂት እየሳበች አወጣችው። ዝናብ ነበር። ሊመሽ ነው። አባዬ ጀልባውን አስሮ፣ እግሩን አድርቆ፣ ሊሄድ ሲል አንበጣ ከማዶ ብቅ አለና ተጣራ። «አሻግረኝ!» አባዬ ደክሞታል። «ዛሬ አልችልም፣ ማዶ እደር!» አለው። አንበጣም ሳቀ፤ ጫማውን አውልቆ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

አዋላጇ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እሺ አባባ፣ ከዚያስ?»

አባዬ ሥዕሉን አየ። እዚያ ሰውየው ገና ዳር ላይ ቆሟል፤ እጁን አንስቷል፤ ውሃው አልነካውም።

«ከዚያማ እየጠበቀኝ ነው» አለ አባዬ።

በሚቀጥለውም ማክሰኞ ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላም እንደዚያው። አጎቴ በእውነት እንዴት እንደሞተ፣ በእግሩ ሊሻገር ገብቶ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አባዬ ይህን ለማንም ሳይናገር ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ተሸክሞት እንደኖረም ገባኝ። ግን ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። በአባዬ ጭንቅላት ውስጥ አንበጣ ተነስቷል። አሁን በሕይወት አለ፤ ዳር ላይ ነው፤ ገና ሊደረስለት ይችላል።

አባዬ ቤት ውስጥ መሰናዳት ጀመረ። የመጋረጃ ገመድ ከየት እንዳመጣ አላውቅም፣ የወንበሩን እግር ያስራል፣ ይፈታል። መስኮት ከፍቶ ሰማይ ያያል። «ላይኛው አገር ዘንቧል?» ይለኛል፤ ወንዙ የሚሞላው እዚያ ሲዘንብ ነው። መዳፉን ግድግዳው ላይ እየፈተገ ያጠነክራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደስተኛ ነው፤ ፊቱ በርቷል። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ብርሃኑ ነው።

እሜት እሺን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። «ያ ሰው ሞቷል» አልኳት። «ይሄን ታሪክ አንድ ሰው ሊዘጋው ይገባል። ወይ ሥዕሉን ቀይሩት።»

«ሥዕሉ ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ አይወርድም። ደግሞ እትዬ፣ አባባ ባሉበት ጊዜ ውስጥ ወንድማቸው አልሞተም። ብንነግራቸው ዛሬ እንደ አዲስ ነው የሚሞትባቸው።»

«ታዲያ ሄጄ ላምጣው ቢልስ?»

«ይህን ማለታቸው እኮ ነው የሚያሽላቸው። ያያሉ፣ ይናገራሉ፣ ይስቃሉ። እርስዎስ ደስ አላለዎትም?»

ደስ ብሎኛል፤ ምን ልበላት። አባዬን ከዚያ ክፍል ባስቀረው ድምፁን መልሼ እንደማጣው አውቃለሁ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይኼ ነው፤ አወቅኩትና በሚቀጥለው ማክሰኞም ይዤው ሄድኩ።

ያን ማክሰኞ ላይኛው አገር ሲዘንብ ነው የሰነበተው። አባዬ አውቶቡሱ ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔ ኮሪደር ላይ ሳለሁ ከማተሚያ ቤት ስልክ ተደወለ፤ ገጽ ተገልብጦ ታትሟል ብለው ሲጮሁብኝ ድምፁን ለመሸሽ ወደ ሻይ ቤቱ ራቅ አልኩ። ስመለስ በመስታወቱ አየሁ፤ የአባዬ ወንበር ባዶ ነው።

«አባዬስ?»

እሜት እሺ ቀና አለች። «‹ልሂድ፣ መሸበት› አሉኝ። እኔም...» አለችና ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔም ‹እሺ አባባ፣ ይሂዱ› አልኩ። ሽንት ቤት ይሆናል ብዬ...»

ጥበቃው የጎኑ በር ላይ ቆሟል። «በሩ ከፈተላቸው እኮ» አለኝ፣ በሩን እየከሰሰ። «በመዳፋቸው ነኩት፣ ተከፈተ። በዚያ ዘቅዘቅ ባለው መንገድ ምርኩዝ እንኳ ሳያስፈልጋቸው ወረዱ። ከቤተሰብ ጋር ናቸው ብዬ...»

ወንዙ ከሙዚየሙ ሥር ነው። እግሬ አውጪኝ ብዬ ቁልቁል ሮጥኩ፤ እሜት እሺ ጫማዋ ወልቆ በባዶ እግሯ ትከተለኛለች። ድልድዩ ሥር የድሮው ጀልባ መቆሚያ ደረጃ አለ፤ አረም በልቶታል። ውሃው ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። አባዬ ደረጃውን ጨርሶ እስከ ወገቡ ገብቷል።

«አንበጣ! መጣሁልህ!» ይላል። «አትግባ! ቁም!»

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም፤ የጎልማሳ ድምፅ ነው፤ የባለ ጀልባ።

«አባዬ ውጣ! አጎቴ ሞቷል! የለም እዚያ!» አልኩ።

አልዞረም። «ውሸታም» አለ ብቻ፣ ለማላውቃት ሴት እንደሚባል አድርጎ፤ ደግሞ ወደ ፊት ተራመደ።

እሜት እሺ ከጎኔ ደረሰች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ የለመደችው ቃል ከአፏ አመለጠ። «እሺ አባባ! ይጠብቅዎታል!»

አባዬም በደስታ እጁን አነሳና ሌላ እርምጃ ገባ። ውሃው ደረቱ ደረሰ፤ ጋቢው ተንሳፈፈ።

ያን ጊዜ ነው እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሕተት ስሰርዝ የኖርኩት፣ እንዲህ ብዬ የጮኽኩት፦ «አሻግሬዋለሁ! አባዬ፣ እኔ አሻግሬዋለሁ! ቤት ነው! ደክሞት ተኝቷል!»

ቆመ። ዞረ። እስከ ዛሬ ያን ፊት አልረሳሁትም።

«ደረቅ ነው? ልብሱ ደርቋል?»

«ደርቋል። ልብስ ደርቤለታለሁ። ና ውጣ፣ እንዳትቀሰቅሰው ቀስ ብለን እንግባ።»

እጁን ሰጠኝ። እኔና እሜት እሺ ጎትተን አወጣነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለ። ነፍሴ ገና ወደ ሥጋዬ አልተመለሰችም፤ ግን እኔም አብሬው ተመስገን አልኩ።

ቤታችን ሦስት ክፍል ናት። ውስጠኛዋ የዕቃ ክፍል ነች፤ የባለቤቴ የፍሪጅ ሞተሮችና የማተሚያ ቤት ወረቀት ያለባት። አባዬ ቤት እንደገባ «የት ነው?» አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ያቺን በር አሳየሁት። ወንበሩን ከመስኮቱ አንስቶ በሩ አጠገብ አኖረና ተቀመጠ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽሽ» አለን።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እውነቱን ለመናገር የቤታችን ምርጥ ቀናት ነበሩ። አባዬ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በሹክሹክታም ቢሆን ያወራል። የመጋረጃውን ገመድ ጣለው። እሜት እሺ ልትጠይቀን መጥታ ሲስቅ አየችው፤ እጄን ያዘችና «ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉት» አለችኝ።

«እስከ መቼ ነው የሚተኛው ታዲያ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በእኛ ቤት እያደር የጠራው ውሸቱ ነበር። ወሬያችን ሁሉ ሹክሹክታ ሆነ። ቴሌቪዥን ተዘጋ። ባለቤቴ መዶሻ ማንሳት ስለተከለከለ ሥራውን ደጅ አወጣ። አባዬ «ጫማው የታል?» ስላለ የባለቤቴን አሮጌ ጫማ በሩ ሥር አስቀመጥን። ጎረቤት ስትመጣ «እንግዳ አለባችሁ እንዴ?» አለች፣ ጫማውን አይታ። አባዬ ቀድሞኝ «ወንድሜ ነው» አላት። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወጣች።

ከዚያ አባዬ ጆሮውን በሩ ላይ መለጠፍ ጀመረ።

«አንበጣ እኮ ያንኮራፋል» አለኝ አንድ ከሰዓት። «ለምንድነው የማያንኮራፋው?»

ባለቤቴ ለቀልድ የሚሰንፍ ሰው አይደለም። አባዬ ሽንት ቤት ሲገባ ጠብቆ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሾለከና፣ ወረቀቱ ላይ ተጋድሞ ማንኮራፋት ጀመረ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሳቄን በእጄ አፈንኩ። ሲወጣ ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ከእንግዲህ እዚያ ክፍል አልገባም» አለኝ።

«ምን ሆነህ?»

«አባትሽ በቁልፉ ቀዳዳ ሲያናግረኝ ነበር። ‹ማዶ እደር ያልኩህ ደክሞኝ ነው፤ ይቅር በለኝ› ይለኛል። እያለቀሰ ይለምነኛል። እኔ ደግሞ አንኮራፋለሁ።» ደጅ ወጥቶ እስኪመሽ ፍሪጆቹ መካከል ተቀመጠ።

ማንኮራፋቱ ቀረ። አባዬ ምሳ አልበላ አለ። «ሽታ አይሸትሽም?» ይለኛል። የሚሸተው የማተሚያ ቀለም ነው፤ ግን ምን ብዬ ልንገረው? ጆሮውን ከበሩ አያነሳም። በመጨረሻ ምርኩዙን መሬት ላይ መታና፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ «ቀስቅሺው!» አለኝ።

«ይተኛ አባዬ፣ ደክሞታል...»

«ሰው እንዲህ አይተኛም። ግቢና ቀስቅሺው።»

ገባሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ወረቀት፣ ሞተር፣ አቧራ። ከበሩ ወዲያ የአባዬ ትንፋሽ ይሰማኛል። ምን ይዤ ልውጣ? ሄዷል ብለው ተከትሎት ወንዙ ይገባል። ተኝቷል ብለው አያምነኝም። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ወጣሁ፤ ጉልበቱ ሥር ተንበረከክሁ፤ እጁን ያዝኩ።

«አባዬ፣ አጎቴ የለም። ሞቷል። ድሮ ነው የሞተው፤ ውሃ ወስዶት ነው። አንተ አልገደልከውም።»

እጁን ከእጄ ቀስ ብሎ አወጣ። አላለቀሰም። ወደ በሩ አየ፣ ወደ ጫማው አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ስታሻግሪው ደህና ነበር» አለ። «ልብሱ ደርቋል ብለሽኛል።»

«ዋሽቼህ ነው አባዬ፤ ከውሃው እንድትወጣልኝ...»

«ደህና ነበር። እዚህ አስገባሽው። በሩን ዘጋሽበት። እኔን እሽሽ እያስባልሽ ደጅ አስቀመጥሽኝ።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ግድግዳው ጋ ደረሰ። «ምን አበላሽው?»

በነጋታው ያቀረብኩለትን ሳህን አሽትቶ መለሰው። ውሃም ከእጄ አልጠጣ አለ። ባለቤቴ ሲሞክር «አንተ ባሏ አይደለህ?» አለው። ሐኪሙ መጣ፤ ክንዱን ቆንጥጦ ቆዳው እስኪመለስ ጠበቀ፤ ቶሎ አልተመለሰም። «በዚህ ዕድሜ፣ እንዲህ ከቀጠለ ብዙ አይቆይም» አለን ደጅ አውጥቶ። «የሚያምነው ሰው ያብላው።»

የሚያምነው ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ደወልኩላት።

እሜት እሺ ከሥራ በቀጥታ፣ የሙዚየሙን ሰማያዊ ካፖርት እንደለበሰች መጣች። አባዬ ሲያያት ፊቱ ተፈታ። «መጣሽልኝ» አላት። ከዚያ በጣቱ እኔን እያሳየ በሹክሹክታ «ያቺ ሴት ወንድሜን ገደለችው» አለ።

እሜት እሺ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አፏ ግን ከልማዱ የተነሳ «እሺ...» አለ። የቀረውን ዋጠችው፤ አባዬ ግን የሚበቃውን ሰምቷል። ራሱን ነቀነቀ።

ከእሷ እጅ በላ። አንድ ሳህን ሾርባ ጨርሶ ጠጣ። እኔ በበሩ ስንጥቅ ነው ያየሁት።

«በየቀኑ ልምጣ ብል አልችልም እትዬ» አለችኝ ደጅ ስሸኛት፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «ሌሎችም አሉብኝ።» ካፖርቷን አውልቃ ዘረጋችልኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ሲገባኝ ልመታት ፈለግሁ፤ ግን ካፖርቱን ተቀበልኳት።

ፀጉሬን እንደ እሷ ወደ ኋላ አሰርኩ። ድምፄን አለሰለስኩ። አባዬን በሕይወቴ እርስዎ ብዬው አላውቅም፤ «ልጅ አባቱን ካላቀረበ ማን ያቀርበዋል» ብሎ በአንተ ነው ያሳደገኝ። ሾርባውን ይዤ ገባሁ።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

ካፖርቱን አየ። ዓይኑ ደክሟል፤ ፊቴ ላይ ብዙ አልቆየም።

«ከሙዚየሙ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ያቺ ሴትዮስ?»

«የለችም። ሄደች።»

«ልጅህ ነኝ ትለኛለች እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አይደለችም፤ አይደል?»

ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ነከርኩ። «አዎ አባባ። ልጅዎ አይደለችም።»

አፉን ከፈተልኝ። አንድ ማንኪያ፣ ደግሞ አንድ። ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ እያየሁ፣ ይኑርልኝ እንጂ ሌላው የራሱ ጉዳይ አልኩ በልቤ።

«ልጅስ ነበረችኝ» አለ ትንሽ ቆይቶ፣ ከንፈሩን እየጠረግሁለት። «ምላሷ ሹል ነው፤ ልቧ ግን ደግ። ሁሉን ነገር ታርማለች። ስትመጣ አስገቢልኝ። ብቻ ያቺ ሴትዮ እንዳታያት፤ እሷንም ትገድልብኛለች።»

«እሺ አባባ፤ በሩን እቆልፋለሁ» አልኩና ማንኪያውን ሞላሁ።